ከወረቀት ወደ መንገድ፤ የኤርስትሪም ተሳቢ ቤት ታሪክ

በመኪና እየተጎተተ የሚሄድ፣ መኝታውም ማብሰያውም በውስጡ የተሟላ ቤት በአሜሪካ አገር የተለመደ ነገር ነው። ከነዚህ ተሳቢ ቤቶች መካከል በብርማ መልኩና በክብ ጀርባው ከሩቅ የሚለየው ኤርስትሪም የተባለው ነው። ታሪኩ ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም ትምህርት አለው፤ ይኸውም በወረቀት ላይ ያማረ ሐሳብ በእጅ ተሠርቶ ካልተፈተነ በቀር ገና ዕውቀት አለመሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኤርስትሪም መሥራች ዋሊ ባያም በ1896 ዓ.ም. በኦሬጎን ተወለደ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በሎስ አንጀለስ በመጽሔት አሳታሚነት ሥራ ላይ ተሰማራ። ከመጽሔቶቹም አንዱ የእጅ ሥራ የሚያስተምር ስለ ነበር፣ ተሳቢ ቤት እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። አንባቢዎች በንድፉ መሠረት ቢሞክሩ አልሆን ስላላቸው አቤቱታ ጻፉ። ባያም ክርክር አልገጠመም፤ ራሱ ሠርቶ ሞከረውና ንድፉ ስሕተት ያለበት መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያም ወለሉን በመንኰራኵሮቹ መካከል ዝቅ፣ ጣራውን ደግሞ ከፍ አድርጎ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን ቤት ሠራ። በ1931 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ኤርስትሪምን አቋቋመ።

የዛሬው መልኩ ግን የመጣው ከአውሮፕላን ሥራ ነው። ሊንድበርግ በ1927 ዓ.ም. አትላንቲክን የተሻገረበትን አውሮፕላን ከሠሩት ሰዎች አንዱ የነበረው ሆውሊ ቦውለስ፣ በ1934 ዓ.ም. በአሉሚኒዩም የተለበጠ ተሳቢ ቤት አወጣ፤ ኩባንያው ግን ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ባያም ይህን ንድፍ ወስዶ ከፊት የነበረውን በር ወደ ጎን አዛወረና በ1936 ዓ.ም. «ክሊፐር» የተባለውን ቤት በ1,200 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ።

የአሠራሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። የእንቍላል ቅርፊት ስስ ሲሆን ክብ በመሆኑ ብዙ ጫና ይችላል። እንዲሁም የአሉሚኒዩሙ ቆርቆሮ ከውስጥ ካሉት የጎድን አጥንት መሰል ብረቶች ጋር በሪቬት ሲያያዝ፣ ልባሱ ራሱ ሸክሙን አብሮ ይሸከማል። በዚህ ምክንያት ቤቱ ቀላል ነው፤ ቅርጹ ክብ ስለ ሆነም ነፋሱ ብዙ አይገታውም፤ የሚጎትተውም መኪና ነዳጅ ይቈጥባል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሉሚኒዩም ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ባያምም በአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ውስጥ ሠራ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሥራውን እንደገና ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በኦሃዮ፣ ጃክሰን ሴንተር በተባለች ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ፋብሪካ ተከፈተ።

የባያም ዋና ቤተ ሙከራ መንገድ ነበር። በ1951 ዓ.ም. 63 ተሳቢ ቤቶች ወደ መካከለኛው አሜሪካ ጉዞ ጀምረው ኒካራጓ የደረሱት 14 ብቻ ነበሩ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ 41 ተሳቢ ቤቶች ከኬፕ ታውን ተነሥተው በአፍሪካ ጭቃና ድንጋይ እየተፈተኑ በተከታዩ ዓመት ካይሮ ገቡ። በዚህ ጉዞ አገራችንንም አቋርጠዋል፤ አዲስ አበባ ላይም ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። በየመንገዱ የተሰበረው ነገር ሁሉ በሚቀጥለው ቤት ምን መጠናከር እንዳለበት ያስተምር ነበር።

ባያም በ1962 ዓ.ም. ሞተ፤ ሥራው ግን አልሞተም። በ1969 ዓ.ም. ከጨረቃ የተመለሱት የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ተለይተው የቈዩት ከኤርስትሪም በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ይህ ማለት ቤቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ በመጋጠሚያዎቹ ውሃ ከሰረገ በብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች የኮምፔንሳቶው ወለል ይበሰብሳል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ስሕተትም በጽሑፍ ከሰፈረ አብሮ ይወረሳል። እነዚያ አንባቢዎች ንድፉ አልሠራ ሲላቸው ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ባያም መጽሔቱን እያሳተመ በቀረ ነበር። እኛስ በቤተ ሙከራ ያገኘነው ውጤት ከደብተራችን ጋር አልገጥም ሲል ቍጥሩን አስተካክለን እናስረክባለን ወይስ ለምን ብለን እንጠይቃለን?