ከበረሃ ሥራ የተመለሰ ወንድማችሁ ትኩሳት ካለበት፦ በሽታውንም መብቱንም እወቁለት

የዛሬው ርዕሳችን ግማሹ ሕክምና፣ ግማሹ ሕግ ነው።

በቅርቡ ከጋይንት ቤተ ልሔም አካባቢ የመጣ አንድ ወጣት መረመርኩ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ ነው የተመለሰው። ከወር በላይ ትኩሳት አለበት፣ ከስቷል፣ ጣፊያው አብጧል። ሁለት ጊዜ "ወባ ነው" ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። "ለአሠሪህ አልነገርከውም?" አልኩት። "ታመምኩ ስለው የመሳፈሪያ ሰጥቶ ሸኘኝ። የቀረኝን ሒሳብ ግን አልከፈለኝም። ወረቀት የለኝ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ ዶክተር?" አለኝ።

ምርመራው ካላዛር ሆነ፤ ሕክምናውንም ጀመረ። ጥያቄው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ አዋጁን ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

መጀመሪያ በሽታው

ካላዛር የሚተላለፈው ከትንኝ በምታንስ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ በተሰነጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ዛፎች አካባቢ ትገኛለች፤ በብዛት የምትናከሰውም ማታ ነው። የቀን ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ ይገድላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል፤ በአገራችን የተለመደው ሕክምና የ17 ቀን መርፌ ነው።

እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ላይ በ1997 ዓ.ም. የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝም መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። በሽታውን ወደ ደጋው ይዘው የመጡት ለሥራ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሰዎች እንደሆኑ ይታመናል።

ስለዚህ ከ2 ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ መክሳት፣ የደም ማነስና በግራ በኩል የሆድ ማበጥ ካለ "በረሃ ነበርኩ" ብሎ ለሐኪም መናገር ግድ ነው። ምልክቱ ከተመለሱ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል? (አዋጅ ቁጥር 1156/2011)

1. ወረቀት የለም ማለት መብት የለም ማለት አይደለም። የቃል ውልም ውል ነው። እንዲያውም አሠሪው የውሉን ዝርዝር ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ባይሰጥ የሠራተኛው መብት አይቀርም።

2. የተሠራበት ይከፈላል። ታሞ ቢያቋርጥም የሠራበት ሒሳብ የራሱ ነው። ግን ነገ ዛሬ ማለት አያዋጣም፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

3. ሥራ ላይ የደረሰ አደጋ። ማጭድ ቢቆርጠው ወይም ከጭነት ላይ ቢወድቅ፣ ሆን ብሎ ራሱን እስካልጎዳ ድረስ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው። ለጊዜው መሥራት ካልቻለም የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን 6 ወር ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

4. ካላዛርና ወባስ? እዚህ ላይ ነው ያዘንኩት። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ተብሎ ካሳ ከሚያስገኘው ውስጥ፣ በሥራው አካባቢ በተለምዶ ያለ ወይም በወረርሽኝ የሚከሰት በሽታ አይቆጠርም፤ በሽታውን ለመከላከል ብቻ ከተሰማሩ ሠራተኞች በስተቀር።

5. የሚቀረው የሕመም ፈቃድ ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር በግማሽ፣ 3 ወር ያለ ክፍያ። የሚያገኘው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ደግሞ በጽሑፍ ካልተስማሙበት አይጸናም። ሆኖም ውሉ ለአንድ አጨዳ ብቻ ከሆነ፣ ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱም አብሮ ያልቃል።

እንግዲህ ካሳው ካልተረፈ፣ ዋናው መከላከል ነው። የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት መጠበቅ በሕግ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ አጎበር መጠየቅ ልመና አይደለም።

ምን እናድርግ?

• ከመሄዱ በፊት፦ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይያዝ። የአሠሪውን ስምና ስልክ፣ የእርሻውን ቦታ፣ የተነጋገሩትን ክፍያ ስልኩ ላይ ይመዝግብ። አብረውት የሚሠሩት ነገ ምስክሮቹ ናቸው።
• ከተጎዳ፦ ጉዳቱ ሥራ ላይ እንደደረሰ ለሐኪሙ ይናገር፤ ካርዱ ላይ ይጻፍለት። ያቺ አንድ መስመር በኋላ ማስረጃ ትሆናለች።
• ካልተከፈለው፦ የሥራ ቦታው ወደሚገኝበት ወረዳ የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ያ ልጅ መርፌውን ጨርሶ ወጥቷል፤ ስድስት ወሩም ገና አላለፈበትም። የአብሮ አደጎቹን ስም ጽፎ፣ የሕክምና ወረቀቱን ይዞ ሄዷል።

ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ወደ ቆላ የሚወርዱት ይህን ገጽ አያነቡትም ይሆናል። እናንተ ግን ስልካቸው አላችሁ። ዛሬ ማታ ደውሉላቸው።