የኤሌክትሪክ ጊታር ለማሲንቆ የሚቀርበው መቼ ነው?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ብዙ ወጣቶች ሙዚቃ የሚሰሙት በሞባይል ስልካቸው ነው። ዘፋኝ የሌለባቸው የሮክ ጊታር ሙዚቃዎችም ከሜሞሪ ካርድ ወደ ሜሞሪ ካርድ እየተገለበጡ ይዞራሉ፤ ክርክሩም አብሯቸው ይዞራል። አንዱ «ንጹሕ ድምፅ ያለው ይበልጣል» ይላል። ሌላው «ኃይል ያለው የጎረነነው ነው» ብሎ ይሟገታል። ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ገፋ ያለው፣ «ይህ ጩኸት ነው፤ ከማሲንቆ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ክርክሩን ይዘጋል። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም የላቀ የፊዚክስ ጥያቄ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ የምንጀምረው ከእርሱ ነው።

አንድ የተወጠረ አውታር ሲነዝር አንድ ድግግሞሽ ብቻ አያወጣም። የጊታር አምስተኛ አውታር የሚቃኘው በ110 ሄርትዝ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ መሠረታዊ ድግግሞሽ ጋር 220፣ 330፣ 440 ሄርትዝና ከዚያም በላይ ያሉ ብዜቶቹ አብረው ይነዝራሉ። እነዚህ ሃርሞኒክ ይባላሉ። ክራርና ማሲንቆ አንድ ዓይነት ድምፅ ቢያወጡ እንኳ ዐይናችንን ጨፍነን የምንለያቸው በሃርሞኒኮቻቸው መጠን፣ ከዚያም በላይ ሃርሞኒኮቹ ጊዜ እየገፋ ሲሄድ በሚደርስባቸው ዕጣ ነው።

ክራር ደርዳሪው ለአውታሩ ጉልበት የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አውታሩ የተሰጠውን ጉልበት እየበላ ይኖራል። ከፍተኛ ሃርሞኒኮች በአየርና በአውታሩ ውስጣዊ ሰበቃ ምክንያት ቀድመው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ድምፁ ሲጀምር ስል ሆኖ ቆይቶ ይለዝባል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ማሲንቆ ግን ሌላ ነው። አውታሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው። ዕጣን ወይም ሙጫ የተቀባው ደጋን አውታሩን ይዞት ይሄዳል፤ ውጥረቱ ሲበዛ አውታሩ ያመልጣል፤ ወዲያው እንደገና ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደጋን የሚመታ አውታር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ አሳይቷል። ለኛ ጉዳይ ዋናው ነጥብ፣ በየዙሩ አዲስ ጉልበት ስለሚገባ ከፍተኛዎቹ ሃርሞኒኮች የሚሞቱበት ጊዜ አለማግኘታቸው ነው። አዝማሪው አንድ ድምፅ ይዞ ሲያንቆራጥጥ፣ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር እንመለስ። ከአውታሮቹ ሥር ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለ፤ ፒክአፕ ይባላል። የብረቱ አውታር ሲነዝር በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍሰት ይለዋወጣል፤ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረትም የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። እስከዚህ ድረስ ጊታሩ ክራር ነው፤ በጣት ወይም በፕሌክትረም አንዴ ተመትቶ የሚሞት አውታር ነው። ለውጡ የሚመጣው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ ሊሸከም ከሚችለው በላይ የሆነ ሞገድ ሲገባበት የሞገዱን ጫፎች ይቆርጣቸዋል። ክብ የነበረው የሞገድ ጫፍ እንደ አምባ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህ ነው ዲስቶርሽን የሚባለው።

ከዚህም ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው በተማሪዎች መጻሕፍት ሁሉ የሚገኝ ነው፤ የላዩና የታቹ ጫፍ እኩል ሲቆረጥ በተለይ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ የመሳሰሉት ሃርሞኒኮች አዲስ ይፈጠራሉ ወይም ይጎላሉ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። አውታሩ እየደከመ ቢሄድም ሞገዱ ከመቁረጫው ወሰን በላይ እስካለ ድረስ የሚወጣው ድምፅ መጠኑ ብዙም አይቀንስም። አውታሩ ላይ የሞቱት ከፍተኛ ሃርሞኒኮች አምፕሊፋየሩ ውስጥ በየዙሩ እንደ አዲስ ይወለዳሉ። ያ ደግሞ የማሲንቆው ደጋን ሥራ ነው! እንግዲህ ለሦስተኛው ተከራካሪ መልሱ ይኸውና፦ ንጹሕ ድምፅ ያለው ጊታር የክራር ዘመድ ነው፤ የጎረነነው ጊታር ግን ለማሲንቆ ይቀርባል።

የጎረነነ ድምፅ ለጆሯችን ባዕድ ነው የሚለውም አያስኬድም። በበገና ላይ አሥሩ አውታሮች በሚያርፉበት ድልድይና በአውታሮቹ መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይደረጋሉ። አውታሩ ሲነዝር ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያ የታወቀው ንዝንዝታ ይወጣል። ቆዳው ባይኖር የበገና ድምፅ ዝግና ለስላሳ ይሆን ነበር፤ ቆዳው ግን የአውታሩን ነጻ እንቅስቃሴ በየዙሩ እያደናቀፈ ከፍተኛ ሃርሞኒኮችን ይጨምርለታል። የአሠራሩ ዝርዝር ከአምፕሊፋየሩ ቢለይም መርሑ አንድ ነው። በዐቢይ ጾም በገና እያዳመጠ ያደገ ሰው ዲስቶርሽንን በጩኸትነቱ ብቻ ሲወቅሰው ስሰማ ፈገግ እላለሁ።

ዲስቶርሽን ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የምናስተውለውም ሁለት ድምፆች አብረው ሲመቱ ነው። ቆራጩ አምፕሊፋየር የሁለቱን ድግግሞሾች ድምርና ልዩነት የሚመስሉ አዳዲስ ድግግሞሾችን ይፈጥራል። 110 እና 165 ሄርትዝ አብረው ቢመቱ (የ2 ለ3 ዝምድና አላቸው) የሚፈጠሩት 55፣ 220፣ 275 የመሳሰሉት ናቸው። ሁሉም የ55 ብዜቶች ስለሆኑ አንድ ወፍራም ድምፅ ሆነው ይሰማሉ። የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ይህን ጥምር አዘውትረው የሚመቱት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንጻሩ 110 እና 138.6 ሄርትዝ ቢመቱ 28.6፣ 81.4፣ 248.6 የመሳሰሉ እርስ በርስ የማይስማሙ ድግግሞሾች ይወለዳሉ፤ ጥምሩ ያለ ዲስቶርሽን ለጆሮ የተስማማ ቢሆንም ከዲስቶርሽን ጋር ጭቃ ይሆናል።

ይህን ወደ ቅኝቶቻችን አምጥተን እንየው። በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ውስጥ በግማሽ ቶን ብቻ የሚራራቁ ድምፆች አሉ፤ እነዚህን በጎረነነ ጊታር አብሮ መምታት ሻካራ ውጤት ይሰጣል። ነገር ግን የአዝማሪ ዜማ በባሕርዩ አንድ መስመር ነው፤ ማሲንቆ ያለው አውታር አንድ ብቻ ነውና። አንድ ድምፅ ብቻውን ሲጎረንን የሚፈጠረው የራሱ ብዜት ብቻ ስለሆነ የሚጋጭበት የለም። የአገራችንን ዜማ በዲስቶርሽን መጫወት የሚፈልግ ወጣት ኮርድ ከማብዛት ይልቅ ዜማውን በአንድ መስመር ቢይዝ የተሻለ ውጤት ያገኛል ባይ ነኝ።

ሁለት ሙዚቃዎችን ስናወዳድር ግን ከሁሉ በፊት የድምፅ መጠናቸውን ማስተካከል ይገባል። ጆሮ ትንሽ ጎላ ያለውን «የተሻለ» አድርጎ ይቀበላል፤ ልዩነቱ ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ቢሆንም። በተጨማሪም ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራም ድምፆችን ከሌሎቹ ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ የራሱ አድልዎ አለበት። ትንሽ ስለሆነች የጊታርን ወፍራም አውታር መሠረታዊ ድግግሞሽ፣ 82 ሄርትዝን፣ ልታወጣ አትችልም። ሆኖም አእምሯችን ከላይ ያሉትን ሃርሞኒኮች ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላል። የጎረነነው ጊታር ሃርሞኒክ ስለሚበዛለት በስልክ ላይ ሞልቶ ይሰማል፤ ንጹሑ ግን ይሳሳል። በባጃጅ ውስጥ ከሆነማ የሞተሩ ጩኸት የቀረውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ «የጎረነነው ኃይል አለው» የሚለው ተከራካሪ ፍርዱን የሰጠው ለስልኩ እንጂ ለሙዚቃው ላይሆን ይችላል። በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ፣ መጠኑን አስተካክሎ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚከፈት ሌላ ሰው እየመረጠለት ደግሞ ይስማ።

በዚህ ዘዴ እኔ ራሴ ሦስት የታወቁ ሙዚቃዎችን አወዳድሬአለሁ። የሊንክ ሬይ «ራምብል» (እ.ኤ.አ. 1958) አንድም ቃል ሳይኖረው በአሜሪካ አንዳንድ የሬድዮ ጣቢያዎች እንዳይተላለፍ የተከለከለ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከላይ «ጭቃ» ያልነው ሻካራነት ራሱ የተፈለገው ነገር ነው፤ ዜማ የሚፈልግበት ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። የዘ ሻዶውስ «አፓቺ» (1960) የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሃንክ ማርቪን በንጹሕ ድምፅ፣ በማሚቶ ታጅቦ፣ ጥርት ያለ ዜማ ይጫወታል። የኤሪክ ጆንሰን «ክሊፍስ ኦቭ ዶቨር» (1990) እ.ኤ.አ. በ1992 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ጊታሩ ጎርናና ቢሆንም ስለት የለውም፤ ድምፁ ቫዮሊን ይመስላል ይባልለታል። ይህ ከላይ ያየነው የደጋን ጠባይ መሆኑ ነው። በድምፅ ቀለም ረገድ ከሦስቱ ይህን አስበልጣለሁ። በዜማ ግን «አፓቺ» ይቀድማል፤ በስልክም፣ በባጃጅም፣ በፉጨትም ዜማው አይጠፋምና። ይህ የኔ ፍርድ ነው፤ ፊዚክስ አልሰጠኝም።

ከአገራችን የሙላቱ አስታጥቄን ከ1969 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) የተቀዱ ሥራዎች ከእነዚህ ጎን አስቀምጦ መስማት ይጠቅማል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አራተኛ ክፍል ተሰብስበው ወጥተዋል። የኢቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ሰላም ስዩምንም እንዲሁ።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ተማሪ ሙከራው ቀላል ነው። የድምፅን ድግግሞሽ በሥዕል የሚያሳይ ነጻ መተግበሪያ በስልክ ላይ ይጫን። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪ ዘንድ ሄዶ፣ አስፈቅዶ፣ አንድ ድምፅ ለአምስት ሰከንድ ያህል እንዲይዝ ይጠይቀው። ከዚያ ክራር አንዴ ይመታ፤ በመጨረሻም የጎረነነ ጊታር አንድ ድምፅ ይቀዳ። በክራሩ ሥዕል ላይ የላይኞቹ መስመሮች ከታችኞቹ ቀድመው ይጠፋሉ። በማሲንቆው እስከ መጨረሻው ይቆያሉ። በጊታሩ ደግሞ መስመሮቹ ቆይተው፣ አውታሩ ከመቁረጫው ወሰን በታች በወረደባት ቅጽበት ከላይ ጀምሮ በፍጥነት ይከስማሉ፤ ጊታሩ ከማሲንቆነት ወደ ክራርነት የሚመለሰው እዚያች ላይ ነው። ሙከራው በክረምት ከሆነ ማሲንቆው ላይ የተወጠረው ቆዳ እርጥበት ስቦ ስለሚላላ፣ አዝማሪው ቆዳውን እሳት ዳር አሙቆ እስኪጨርስ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል።