የኢትዮጵያን ቀን በአር ፕሮግራም በትክክል ማስላት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የክትባት ካርዱም፣ የዘር ጊዜ ማስታወሻውም ቀኑ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የስታቲስቲክስ ቋንቋው አር ግን በራሱ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ብቻ ነው። የካቲት 30 ቀን 2016ን «30/06/2016» ብላችሁ በቀን/ወር/ዓመት ቅርጽ ብትሰጡት ጁን 30 ቀን 2016 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ትክክለኛው ማርች 9 ቀን 2024 ነው። ጥቅምት 30ንና ጳጉሜን ደግሞ ባዶ ያደርጋቸዋል። ባዶው ይታያል፤ አደገኛው የተቀበለው ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ቀኑን እንደ ጽሑፍ አንብቡ። ኤክሴል ላይም ዓምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት፤ አለዚያ በራሱ ይለውጠዋል።

2. በሦስት የቁጥር ዓምዶች ክፈሉት፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። መስከረም 1፣ ጳጉሜ 13 ነው። ወሩ በስም ከተጻፈ ለሁሉም አጻጻፍ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ «ኅዳር»ና «ህዳር»፣ «ታኅሣሥ»ና «ታህሳስ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው።

3. ፈትሹ። ወር ከ13፣ ቀን ከ30 አይበልጥም። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ፣ እንደ 2015 ዓ.ም.፣ 6 ትሆናለች። ከዚህ የወጣውን በግምት አታርሙ፤ ወደ መዝገቡ ተመለሱ።

4. አስሉ። ፋይሉ በዩኒኮድ ከተቀመጠ አር የአማርኛ ስም ይቀበላል፦

ዕለት <- 365*ዓመት + ዓመት%/%4 + 30*ወር + ቀን - 716763

«%/%» ቀሪውን ጥሎ ያካፍላል። አር ዕለታትን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው፤ ያ ዕለት በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን በቀመሩ ስታስገቡ 0 የሚወጣው ለዚህ ነው።

5. ውጤቱን «አዝ ዴት» በተባለው ተግባር ወደ ቀን ቀይሩ፤ መነሻውን 1970-01-01 በሉት። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 13768 ሰጥቶ 2007-09-12 መሆን አለበት። ካልሆነ አትቀጥሉ።

6. የጊዜ ርዝመትን ከዕለት ቁጥሩ አውጡ። ግንቦት 25 ቀን 2016 የተዘራ በቆሎ ኅዳር 20 ቀን 2017 ቢታጨድ፣ ወሩን ሁሉ በ30 የቆጠረ 175 ቀን ይላል። ቀመሩ ግን ጳጉሜን ጨምሮ 180 ይሰጣል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ የሚሰጠውን ሕፃን ዕድሜም በዚሁ መንገድ አስሉ።

7. ሪፖርቱን በኢትዮጵያ ቀን መልሱ። «ፎርማት» የተባለው ተግባር የፈረንጁን ብቻ ስለሚጽፍ በዚህ ተኩት («%%» የማካፈሉን ቀሪ ብቻ ይሰጣል)፦

ቀሪ <- ዕለት + 716732
ዓመት <- (4*ቀሪ + 3)%/%1461
ቀሪ <- ቀሪ - 365*ዓመት - ዓመት%/%4
ወር <- ቀሪ%/%30 + 1
ቀን <- ቀሪ%%30 + 1

8. በመዝገቡ የተጻፈውን የመጀመሪያ ቀን ከተለወጠው ጎን አቆዩት፤ ዓምዶቹንም «በኢትዮጵያ»ና «በጎርጎርዮስ» ብላችሁ ሰይሙ። የገበሬውንና የእናቲቱን ቃል የያዘው የመጀመሪያው ነው፤ ጥርጣሬ ሲነሣ ማመሳከር የሚቻለው እርሱ ካለ ብቻ ነው።