ለጠመንጃ ሰደፍ የትኛው ኢፖክሲ ይሻላል?

የአደን ጠመንጃህ ዛሬ መትቶ ነገ የሚስት ከሆነ፣ መነጽሩን ከመወንጀልህ በፊት ብረቱ እንጨቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እይ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ብረቱም በተኮስክ ቁጥር ቦታውን ይቀያይራል። መፍትሔው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በኢፖክሲ ሞልቶ ለብረቱ በልኩ የተሠራ መቀመጫ ማበጀት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የአጋዘን አዳኞች ይህን በየጋራዣቸው ይሠሩታል። ምሳሌዬ እ.ኤ.አ. በ1962 ገበያ ላይ የዋለው ሬሚንግተን 700 ነው።

1. ኢፖክሲውን ምረጥ። እዚህ የምጠቅሳቸው ሁሉ ጥንካሬያቸው ለሥራው ይበቃል። የሚለያዩት ባስቀመጥክበት ቦታ በመቆየት፣ ሲደርቁ ባለመሰብሰብና ለሥራ በሚሰጡህ ጊዜ ነው።

አክራግላስ የጠመንጃ ጠጋኞች የቆየ ምርጫ ነው። ፈሳሹ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ግን ወደማትፈልገው ቀዳዳ ሁሉ ይፈሳል። ጄል የሚባለው ወፍራም ነው፤ የሬዚኑና የማጠንከሪያው ልክም አንድ ለአንድ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል።

ማሪን ቴክስ ለጀልባ ጥገና የተሠራ ነው። ግራጫው ወፍራም ነው፣ እምብዛም አይሰበሰብም። እኔ ለአደን ጠመንጃ የምመርጠው እሱን ነው።

ዴቭኮን 10110 የብረት ዱቄት ያለበት የፋብሪካ ማሽን መጠገኛ ነው፤ የዒላማ ተኳሾች ይወዱታል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ጄቢ ዌልድ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ። ኦሪጅናሉን ግዛ፣ ፈጣኑን ተው።

በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ኢፖክሲና የመኪና ስቱኮን አትንካቸው። የመጀመሪያው ሳትጨርስ ይጠነክርብሃል፤ ሁለተኛው ይሰበሰባል፣ ይሰነጠቃል።

2. አዘጋጅ። ጥይት አለመኖሩን አረጋግጥ፤ መቀባበያውንና ምላጩን አውጣ፤ ከእንጨቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ፋቅ።

3. ብረቱን ሰም ቀባ። ቀለም የሌለው የጫማ ኪዊ ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ ቀብተህ ወልውል፣ ብሎኖቹንም አትርሳ። ቀዳዳና ጎድጓዳ ቦታን ሁሉ በልጆች መጫወቻ ጭቃ ድፈን፤ ኢፖክሲ እዚያ ገብቶ ከጠነከረ ብረትና እንጨት ይቆላለፋሉ፣ ሰምም አያድንህም። እርግጫውን የሚቀበለውን የብረት ጥርስ፣ ማለትም ሪኮይል ላጉን፣ ከፊት፣ ከጎንና ከታች በፕላስተር ሸፍን። የኋላ ፊቱን ብቻ ባዶ ተው፤ ኢፖክሲው ላይ ተደግፎ የሚያርፈው በእሱ ነው።

4. ለካና ቀላቅል። እዚህ ላይ ቀስ በል። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የዴቭኮን 10110 ልክ በክብደት 9 ለ1፣ በይዘት ደግሞ 2.5 ለ1 ነው። ሬዚኑ ብረት ስላለበት ከባድ ነው፣ ማጠንከሪያው ቀላል ነው፤ ቁጥሮቹ የተራራቁት ለዚህ ነው። 9 ለ1 የሚለውን አይተህ በማንኪያ ከለካህ ማጠንከሪያው እጅግ ያንሳል፣ ድብልቁም እንደ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። ያ ነገር በብርጭቆ ወረቀት አይወጣም፤ ወረቀቱን ይደፍነዋል እንጂ። በመሮ ፍቀህ፣ በአሴቶን ጠርገህ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ያለው ልክ የክብደት ይሁን የይዘት መጀመሪያ አንብብ። አነስተኛ የኩሽና ሚዛን ካለህ በክብደት ለካ፦ 90 ግራም ሬዚን፣ 10 ግራም ማጠንከሪያ።

«ቶሎ ይድረቅልኝ» ብለህ ማጠንከሪያ አትጨምር። ትርፉ የሚጣመርበት ሬዚን ስለማያገኝ ድብልቁን ያለሰልሰዋል። ማፍጠን ከፈለግክ ክፍሉን አሙቅ፤ በብርድ ጋራዥ ውስጥ ጨርሶ ላይጠነክርም ይችላል። ስታማስል የዕቃውን ጎንና ሥር ፋቅ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ገልብጠህ ድገም። ጎን ላይ ተጣብቆ የቀረ ሬዚን ሰደፉ ላይ የሚለሰልስ ቦታ ይሆናል። ጓንት አድርግ፤ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል።

የእኔ አቋራጭ ይህ ነው፦ ከአንድ ቀን በፊት ጥቂት ቀላቅዬ ቁራጭ እንጨት ላይ እቀባለሁ። በማግስቱ ጥፍሬ ካልሰመጠበት ወደ ጠመንጃው እሄዳለሁ።

5. አስቀምጥ። ድብልቁን የፋቅኸው እንጨት ላይ አድርገህ ብረቱን ቀስ ብለህ ተጫን፤ ብሎኖቹን አታጥብቅ፣ ብረቱ እንደጎበጠ ኢፖክሲው ከደረቀ ልፋትህ ከንቱ ነው። የተረፈውን በኮምጣጤ በተነከረ ጨርቅ ጥረግ፣ 24 ሰዓት ተው። ከዚያ ብረቱ አልላቀቅም ካለ መዶሻ አታንሳ፤ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ይላቀቃል።

ለመጀመሪያ ሥራህ አክራግላስ ጄል ግዛ። ዴቭኮንን ሚዛን እስክትገዛ አቆየው።