በድሬዳዋ ሙቀት የቤት ውስጥ የጥናትና የሥራ ስፍራ ማዘጋጀት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚህች ከተማ ለጥናት ወይም ለሥራ የሚሆን ጥግ በቤቱ ውስጥ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጠረጴዛና ወንበር ከየት ላግኝ?» ብሎ ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም «ጠረጴዛው የት ይቀመጥ? በስንት ሰዓትስ ልቀመጥበት?» የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከገበያ ሳይሆን ከፊዚክስ ነው፤ በአመዛኙም ገንዘብ አይጠይቅም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ለዚህ ምክንያት ሆነው የሚጠቀሱት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከተማሪው አቅም በላይ ናቸው። የሚያጠናበት ጥግ ግን ተማሪው ራሱ በአንድ ቅዳሜ ሊለውጠው ከሚችላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

ሙቀት በአእምሮ ሥራ ላይ ምን ያህል ጫና ያሳድራል? እ.ኤ.አ. በ2016 በበጋ ወራት በአሜሪካ ቦስተን ከተማ 44 ወጣት ተማሪዎችን ለ12 ቀናት የተከታተለ ጥናት ነበር። ግማሽ ያህሉ የአየር ማቀዝቀዣ ባለው፣ የቀሩት በሌለው ሕንፃ ይኖሩ ነበር። በየማለዳው በሚሰጣቸው አጭር ፈተና በሞቃቱ ሕንፃ የሚኖሩት መልስ ለመስጠት 13 ከመቶ ገደማ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። የዚያ «ሞቃት» ሕንፃ አማካይ ሙቀት 26 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ሲሰማ የድሬዳዋ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም! በእርግጥ የሰው አካል የሚኖርበትን አየር ይለምዳል፤ ስለዚህ የቦስተንን ቁጥር እንዳለ ወደ ድሬዳዋ ማምጣት አይገባም። ሆኖም አቅጣጫው ግልጽ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ቀትር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል በአንድ ስኩዌር ሜትር አግዳሚ ስፍራ ላይ 1,000 ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ሦስት በአራት ሜትር በሆነች ክፍል ጣሪያ ላይ 12 ኪሎ ዋት መሆኑ ነው፤ ይህም ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ከሚወስዱት ኃይል ይበልጣል። ኃይሉ ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የተወሰነው ይንጸባረቃል፣ የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል። ነገር ግን የዛገ ቆርቆሮ ከአዲሱ ይልቅ ብዙ ጨረር ይውጣል፤ ከጋለ በኋላም ሙቀቱን በማይታይ ጨረር አማካይነት ቁልቁል ወደ ተቀመጠው ሰው ራስ ይልካል። ኮርኒስ ሌላ ጥቅም ባይኖረው እንኳ ይህን ጨረር ማገዱ ብቻ ይበቃዋል። የአቡጀዲ ኮርኒስም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም መቀባት የበለጠ ይረዳል፤ ነጭ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ከማንጸባረቁም በላይ የራሱን ሙቀት ወደ ሰማይ በቀላሉ ስለሚለቅ ነው።

የምድር ባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የተሠሩት የከዚራ ቤቶች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውታል። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በረንዳና የመንገድ ዳር ዛፍ አንድ ላይ ሲሠሩ ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ አታገኘውም፤ ያገኘችው እንደሆነም ሙቀቱ ውፍረቱን አልፎ ወደ ውስጥ እስኪደርስ በርካታ ሰዓታት ይወስዳል። የዚህም ዕዳ አለው፤ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ማታ ወደ ክፍሉ ይለቀቃል። ስለዚህ የወፍራም ግድግዳ ቤት ለቀትር፣ በረንዳውና ግቢው ለምሽት ጥናት ይመረጣሉ። ግድግዳው ስስ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት በተቃራኒው ቀን ቶሎ ይግላል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ቶሎ ይቀዘቅዛል።

የመስኮቱን አቅጣጫ በተመለከተ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ምክር ብዙ ጊዜ ለአውሮፓ የተጻፈ ነው። በድሬዳዋ ፀሐይ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ እኩለ ቀን ላይ በትክክል ከራሳችን በላይ ትሆናለች። በእነዚህ ቀኖች መካከል፣ ማለትም ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት፣ እኩለ ቀን ላይ የምትታየው በስተሰሜን ነው። ሆኖም በጣም ከፍ ብላ ስለምትታይ፣ በሰኔ አጋማሽ እንኳ ከአድማስ 76 ዲግሪ ያህል፣ 1 ሜትር ከ20 ቁመት ያለውን የሰሜን መስኮት ከእኩለ ቀን ፀሐይ ለመጋረድ 30 ሴንቲ ሜትር የወጣ ክዳን ይበቃል። የደቡቡ መስኮት በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ 57 ዲግሪ ስለምትወርድ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። አንባቢው ይህን በታንጀንት ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ቁመቱን በከፍታው ማዕዘን ታንጀንት ማካፈል ነው።

የምሥራቁንና የምዕራቡን መስኮት ግን ምንም ክዳን አያድነውም፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለችና። ከሁለቱ የሚከፋው የምዕራቡ ነው፤ አየሩ ራሱ በጋለበት በ9 እና በ10 ሰዓት ይመታልና። ምርጫ ያለው ሰው ጠረጴዛውን ከምዕራብ ግድግዳ ያርቅ። ምርጫ የሌለው ደግሞ ሰሌን ወይም ወፍራም ጨርቅ ከመስኮቱ ውጭ ይስቀል። በውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ብርሃኑን ቢጋርድም ጨረሩ መስተዋቱን አልፎ ስለሚገባ በክፍሉ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ያው ጨርቅ በውጭ ሲሰቀል ግን ሙቀቱ በውጭ ይቀራል።

መስኮት መቼ ይከፈት? የውጭው አየር ከውስጡ ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ከምሽት እስከ ንጋት። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ተዘግቶ መጋረድ አለበት። ይሁን እንጂ በሌሊት መስኮት መክፈት በድሬዳዋ ሌላ ስጋት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ከምትባለው የወባ ትንኝ ጋር ተያይዟል፤ ይህች ትንኝ ከተማን የምትወድ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ጋን ውስጥ የምትራባ ናት። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ የትንኝ መከላከያ ወንፊት ሳይመታ መስኮት ከፍቶ ማደርን አልመክርም። ክፍሉን ለማቀዝቀዝ የሚቀመጥ የውኃ እንስራም ክዳን ይኑረው።

ማራገቢያና ላብ

ቬንትሌተር አየርን አያቀዘቅዝም፤ ሞተሩ እንዲያውም ጥቂት ሙቀት ይጨምራል። የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው። ተቀምጦ የሚያነብ ሰው አካሉ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህ ሙቀት መውጣት አለበት። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ሰዓት የሚመነጨው 360 ኪሎ ጁል በላብ ብቻ ቢወጣ 150 ግራም ውኃ ይፈጃል ማለት ነው። ነፋሻ አየር ትነቱን ያፋጥናል። ሰው በሌለበት ክፍል የሚሽከረከር ቬንትሌተር ግን ኤሌክትሪክ ከመጨረስ በቀር የሚሠራው የለም። በጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ የመጠጥ ውኃም፣ ከዚህ ስሌት እንደሚታየው፣ የሥራው መሣሪያ አካል ነው።

ሰዓትን በተመለከተ የከተማዋ ሰው ከቀትር በኋላ የማረፍ ልማዱ ከፊዚክሱ ጋር ይስማማል። የአየሩ ሙቀት ከፍ የሚለው ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት በ6 ሰዓት ሳይሆን በ9 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ዝቅ የሚለውም ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ከባዱን የሒሳብ ልምምድ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት አድርጎ፣ ጽሑፍ መገልበጥንና ማስታወሻ ማስተካከልን ለከሰዓት መተው ብልህነት ነው።

ብርሃን

የብርሃን ድምቀት ከምንጩ ርቀት ስኩዌር ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። 800 ሉመን የሚሰጥ የ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበትናል ብንል፣ ከጠረጴዛው 2 ሜትር ከፍ ብሎ በኮርኒስ ሲሰቀል ደብተሩ ላይ የሚደርሰው 16 ሉክስ ነው። ይኸው አምፖል 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን 400 ሉክስ ይሰጣል፤ 25 እጥፍ መሆኑ ነው። በብዙ አገሮች ለንባብና ለጽሕፈት የሚመከረው 500 ሉክስ ነው። ስለዚህ ብርሃን የጎደለው ሰው ትልቅ አምፖል ከመግዛቱ በፊት ያለውን ዝቅ ያድርገው። ነጭ ግድግዳ ከግድግዳው የሚመለሰውን ብርሃን ይጨምራል፤ ኖራ መቀባት ለብርሃንም ለሙቀትም ይጠቅማል። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው መብራቱን በግራው ያድርግ፤ የእጁ ጥላ ጽሑፉ ላይ እንዳይወድቅ።

አቀማመጥ

ብዙ ተማሪ በፍራሽ ላይ በመከዳ ተደግፎ ያጠናል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ችግሩ አንገት ነው። የሰው ራስ ክብደት 5 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 50 ኒውተን ያህል ነው እንበል። ራሱ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲያዘነብል በአንገት ላይ 5 ኒውተን ሜትር ጉልበተ ዙር ይፈጠራል። የአንገት ጡንቻ ከመዞሪያው ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ ይህን ለመመከት 100 ኒውተን፣ ማለትም የራሱን ክብደት እጥፍ መሳብ አለበት፤ ያውም ለሰዓታት። መድኃኒቱ መጽሐፉን ከፍ ማድረግ ነው፤ በፍራሽ ላይ ለሚቀመጥ ሰው አንዲት ዝቅተኛ በርጩማ ወይም የእንጨት ሣጥን ይበቃል። ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ማያው ለዓይን ሲመች ቁልፉ ለእጅ አይመችም። ላፕቶፑን በመጻሕፍት ላይ አስቀምጦ የተለየ ኪቦርድ መሰካት ከውድ ወንበር የተሻለ ግዢ ነው። በፍራሽ ላይ የሚቀመጥ ላፕቶፕ የአየር መተንፈሻው ይደፈናል፤ ሙቀትም የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው በምን ይጀምር? በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ የመስኮት ወንፊት፣ ቀጥሎ የጠረጴዛ መብራት፣ ከዚያ አናጢ በክርኑ ልክ የሚሠራለት ጠረጴዛ፣ ከዚያም ቬንትሌተር ይግዛ። ከታይዋን ገበያ የሚገዛው ጌጥ ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይደርሳል። የአየር ማቀዝቀዣ የመጨረሻው ነው፤ ጣሪያው ባልተስተካከለ ክፍል የሚገጠም ማቀዝቀዣ ቆርቆሮውን ሲታገል ይውላል።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በ220 ቮልት 10 አምፒር የሚችል ዲቫይደር እስከ 2,200 ዋት ይሸከማል። ላፕቶፕ፣ መብራትና ቬንትሌተር አንድ ላይ ከ200 ዋት ብዙም አይርቁም። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በገመድ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ስኩዌር ስለሚጨምር የጥናት ጥግ ዲቫይደርና የወጥ ቤት ምጣድ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም።

ለወረቀትና ለመጽሐፍ ጎረቤታችን ሐረር ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ሰው የሚቀመጠው «ነደባ» በሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ላይ ሲሆን፣ ዕቃው በግድግዳው ውስጥ በተሠሩ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ይቀመጣል፤ ወለሉ ነጻ ነው። በየዕለቱ የሚያስፈልግ ነገር ክንድ በሚደርስበት፣ በሳምንት አንዴ የሚፈለገው ከዚያ በላይ፣ የዓመቱ ሰነድ ከሁሉም በላይ ይሁን። የጫማ ካርቶን ስም ከተጻፈበት ከማንኛውም ፋይል አያንስም። የትምህርት ማስረጃና የልደት ካርድ በላስቲክ ተጠቅልሎ በላይኛው መደርደሪያ ይቀመጥ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ በብዙ ቤቶች ወለል ላይ የነበረውንም ሁሉ ወስዷል። ዲቫይደሩም በወለል ላይ ከሚጋደም ከጠረጴዛው እግር ከፍ ብሎ ይታሰር።