ፍልፈሉና ከአሜሪካ የተላከው ቫይታሚን

ሰሞኑን ከዳባት የመጡ አንድ እናት ስለካቸው ግፊታቸው 180/110 ሆነ። "መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው እማማ?" ስላቸው ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ብልቃጥ ፈተው አወጡ። ቫይታሚን ኢ 400! ልጃቸው "እርጅናን ይከላከላል" ብላ ከአሜሪካ ልካላቸው ነው። "ሁለት ኪኒን ይበዛብኛል ብዬ የግፊቱን ተውኩት ልጄ" አሉኝ። (ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።)

እ.ኤ.አ. በ1956 ዴንሃም ሃርማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሴሎቻችን በኦክስጅን ጉልበት ሲያመነጩ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነሱ የሚያደርሱት ጉዳት ሲጠራቀም እናረጃለን አለ። ብረት እንደሚዝገው በሉት። ጉዳት አድራሾቹ ከሰውነት መከላከያ ሲበልጡ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። አንቲኦክሲዳንት ኪኒኖች "ወጣት ያደርጋሉ" ተብለው የሚሸጡት ከዚሁ ተነስተው ነው።

ሐሳቡን ካናጉት አንዱ የእኛው አገር እንስሳ ነው። ፀጉር አልባው ፍልፈል በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላዎች መሬት ውስጥ ይኖራል። በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሩፔል ነው፤ ጎንደርንና ስሜንን የዞረው፣ ዋልያንም የመዘገበው ሰውዬ። ፍልፈሉ በመጠን ከአይጥ ብዙም አይበልጥም። አይጥ ግን ቢበዛ አራት ዓመት ገደማ ብትኖር ነው፤ እሱ 30 ዓመት ያልፋል! ታዲያ ባዮሎጂስቷ ሮሼል በፈንስታይን ለዓመታት አጠናችው። "ዝገት" የለበትም ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል? በ2006 የወጣው የቡድኗ ጥናት ያገኘው ተቃራኒውን ነው፤ ገና በወጣትነቱ ከአይጥ የባሰ የኦክሲዴሽን ጉዳት አለበት። ተጎድቶም ይኖራል። ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን አይለቁም፤ የተበላሸውንም ቶሎ ጠርጎ ያስወጣል።

"እሱ ፍልፈል ነው፣ እኛስ?" ካላችሁ፣ በሰውም ተሞክሯል። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት (1994) ቤታ ካሮቲን ኪኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ። በ2011 ደግሞ፣ ልክ እንደ እማማ ብልቃጥ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ በየቀኑ የወሰዱ ጤነኛ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ በልጦ ተገኘ። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደግሞ በብዛት ሲወሰድ የመድማት አደጋን ይጨምራል። ካሮቱን ግን እንደ ልባችሁ ብሉ፤ የማወራው ስለ ኪኒኑ ነው።

ያልታከመ ግፊት በአንጻሩ ስትሮክ ያመጣል፣ ልብና ኩላሊት ይጎዳል። ለእማማ የግፊቱን መድኃኒት መልሰን ጀመርንላቸው። ከዚያ "ልጄ እንዳትቀየመኝ አንተው ንገራት" ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ደወልኩ። በሚቀጥለው በቫይታሚኑ ፈንታ የግፊት መለኪያ እንድትልክላቸው ነገርኳት።

እናንተም ቤት እንዲህ ከውጭ የተላከ ኪኒን ካለ ስሙን ጻፉልኝ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ።