ብዙ ቅርንጫፍ ስላለው ትእዛዝ
ለፕሮግራም ጀማሪዎች የሚሰጥ ትምህርት

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ብቻ ይፈጽማል እንጂ የአዛዡን ሐሳብ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ብዙ መንገድ ሲኖረው፤ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው መንገዶቹን ሁሉ አስቀድሞ በየተራቸው መዘርዘር ይገባዋል። ይህም በፓይተን ቋንቋ ኢፍ፣ ኤሊፍ፣ ኤልስ በሚባሉ ቃላት ይጻፋል፤ ትርጓሜያቸውም «ይህ ከሆነ»፣ «ያ ካልሆነና ይህ ከሆነ»፣ «ከሁሉ አንዱም ካልሆነ» ማለት ነው።

የዚህ ምሳሌ በባሕረ ሐሳብ ይገኛል። የዘመኑን ወንጌላዊ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ድምሩ ለ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፤ 2 ከሆነ ማርቆስ፤ 3 ከሆነ ሉቃስ፤ ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ ዮሐንስ ነው። የ2015 ዓ. ም. ሲሰላ 7515 ለ4 ተካፍሎ 3 ይቀራል፤ ዘመኑ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች።

በዚህ ስሌት አንድ ቀሪ ሁለት ስም ሊኖረው አይችልምና ጥያቄዎቹ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አይለወጥም። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን እንዲህ አይደለም። በዚያ አቆጣጠር ያለ ቀሪ ለ4 የሚካፈል ዓመት 366 ቀን አለው፤ ለ100 የሚካፈለው ግን 365፤ ለ400 የሚካፈለው ደግሞ እንደ ገና 366 ነው። ኮምፒዩተሩ ከላይ ወደ ታች ሲጠይቅ መጀመሪያ እውነት ሆኖ ባገኘው ቅርንጫፍ ገብቶ የቀሩትን ይተዋል። ስለዚህ «ለ4 ይካፈላልን?» የሚለው ጥያቄ ቢቀድም 365 ቀን የነበረውን የ1900 ዓመት 366 ያደርገዋል። መጀመሪያ ለ400፤ ቀጥሎ ለ100፤ ከዚያም ለ4 ይጠየቅ፤ የቀረው ሁሉ 365 ይሆናል። ጠባቡ ሁኔታ ሰፊውን ይቅደም።

የተረሳ ቅርንጫፍም ጉዳት ያመጣል። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 2008፤ ማለት ታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ዓ. ም.፤ የማይክሮሶፍት ዙን 30 የተባለው የዘፈን ማጫወቻ በያለበት ቆመ። ዓመቱን የሚያሰላው ፕሮግራም የቀኑ ቁጥር ከ365 እስከ በለጠ ድረስ ስሌቱን እንዲደጋግም ታዝዞ ነበር። 366 ቀን ባለው ዓመት ቁጥሩ ከ366 ሲበልጥ የሚያደርገው ተጽፎለታል፤ ልክ 366 ሲሆን ግን ምንም አልተጻፈለትም። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ እየመላለሰ ሲጠይቅ ዋለ፤ ሊድን የቻለውም ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ መምህሩ ተማሪዎቹ ቅርንጫፎቹን አስቀድመው በሰሌዳ እንዲጽፉ ያድርግ። ከዚያም በወሰን ላይ ያሉትን 365ን፣ 366ን፣ 367ን፤ ከዓመታትም 1900ን፣ 2000ን፣ 2023ን፣ 2024ን አንድ በአንድ በእጃቸው ይፈትኑ። ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤትም ይህ ትምህርት በጠመኔ ሊሰጥ ይችላል።